ስለ 1960ዎቹ ጋራዥ ባንዶችና መንገድ ላይ ስለኖሩት የሶል ድምፃውያን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሸክላ እሰበስባለሁ ባልኩ ቁጥር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጋራዥ ባንድ ሲባል መካኒኮች ያቋቋሙት ባንድ ማለት ነው?

አይደለም። እኛ ጋራዥ ሲባል ትዝ የሚለን የተፈታ ሞተርና ዘይት የጠጣ ቱታ ስለሆነ ጥያቄው አይገርመኝም። እዚህ ግን የሚባለው ከመኖሪያ ቤት ጎን ተለጥፋ የቤተሰቡ መኪና የምታድርባት ክፍል ናት። አባት መኪናውን አስነስቶ ሥራ ሲሄድ ልጆቹ ጊታርና ድራም አስገብተው ይለማመዱባታል። ጎረቤት ያማርራል፣ እናት በሩን አንኳኩታ «ቀንሱት!» ትላለች። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ።

በጊዜው ራሱን «ጋራዥ ባንድ» ብሎ የጠራ አልነበረም። ስሙን ያወጡላቸው ከዓመታት በኋላ ሸክላቸውን የለቀሙ ሰዎች ናቸው። ሙዚቃው ሦስት ወይም አራት ኮርድ፣ የሚያጉረመርም ጊታር፣ ቀጭን ድምፅ ያለው ኦርጋን፣ ከዚያ ላይ ሴት ልጅ የከዳችው ጎረምሳ እሮሮ ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላው ያልቃል።

በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ባንድ ከየት መጣ?

«ቢትልስ ናቸው ያመጡት» የሚለው መልስ ግማሹ እውነት ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ቢትልስ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ሰው አይቷቸዋል፤ በማግስቱ ስንት አባት «ጊታር ግዛልኝ» ተብሎ እንደተጨቀጨቀ መገመት አይከብድም። ይሁን እንጂ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በታኮማና በፖርትላንድ፣ ከዚያ በፊትም ሳክስፎንና ኦርጋን ይዘው የዳንስ አዳራሽ የሚያናውጡ ልጆች ነበሩ።

ሌላው ግማሽ የዋጋ ጉዳይ ነው። ሲርስ የተባለው መደብር በካታሎግ የሚሸጣት ሲልቨርቶን ጊታር አምፕሊፋየሯ በራሷ መያዣ ሣጥን ውስጥ ተገጥሞ ይመጣ ነበር፤ ዋጋዋ ከ70 ዶላር በታች። የጎረቤት ሣር አጭዶ፣ ጋዜጣ አድሎ የሚገዛት ዕቃ ናት። ከዚያ ባንዱ ያዋጣና ለጥቂት ሰዓት ስቱዲዮ ይከራያል፣ ሁለት ዘፈን ይቀዳል፣ ጥቂት መቶ ሸክላ ያሳትማል። ግማሹን በትምህርት ቤት ዳንስ ላይ ይሸጣል፣ አንዱን ለከተማው ሬዲዮ ያደርሳል። የየከተማው የሬዲዮ አዘጋጅ ያኔ የወደደውን የማጫወት ነፃነት ስለነበረው አንድ ዘፈን እዚህ አንደኛ ሆኖ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

አልፎ አልፎ ብቻ አንዷ ታመልጣለች። ሚሺጋን ውስጥ ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ያቋቋሙት «ክዌስቸን ማርክ ኤንድ ዘ ሚስቴሪያንስ» የተባለ ባንድ «96 ቲርስ»ን በአንዲት ትንሽ አሳታሚ ስም አወጣ። በኦክቶበር 1966 ዘፈኑ በመላው አሜሪካ አንደኛ ሆነ። ድምፃዊው ራሱን የሚጠራው በጥያቄ ምልክት ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ሲያወልቅም አይታይም።

ሁሉም አሜሪካ ውስጥ ነበሩ?

አልነበሩም። በፔሩ ሊማ ሎስ ሳይኮስ የተባሉ ልጆች በ1965 የሚሰሩትን ጩኸት ስትሰሙ ከታኮማ የመጣ ነው ትላላችሁ።

የእኔ ተወዳጆች ግን ሞንክስ ናቸው። ጀርመን ውስጥ ያገለገሉ 5 የአሜሪካ ወታደሮች ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ አገራቸው አልገቡም። ስማቸው «መነኮሳት» ማለት ስለሆነ አናታቸውን እንደ ካቶሊክ መነኩሴ ክብ አድርገው ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ፣ በከረባት ፈንታ ገመድ አንገታቸው ላይ አሰሩ። ከጊታሮቹ በአንዱ ፋንታ ባንጆ እየደበደቡ በ1966 አንድ አልበም አወጡ። ያን ጊዜ የገዛቸው ጥቂት ነው።

ሶል ሙዚቃስ? ቀድሞ ከነበረው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ከአር ኤንድ ቢ፣ በምን ይለያል?

ወሰኑ በችካል የተተከለ አይደለም። ባጭሩ፣ ሶል ማለት የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አዘማመር ዓለማዊ ዘፈን ውስጥ ሲገባ ነው፦ መሪው ይጠራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ስሜት ሲበረታ ቃል ይቀርና ጩኸት ይተካል። ሬይ ቻርልስ በ1954 መንገዱን አሳየ፤ ሳም ኩክ የታወቀ ዘማሪ ሆኖ ሳለ ወደ ዘፈን ሲሻገር ብዙ ምእመናን ተቀየሙት። ከመዘምራን ወጥቶ ዘፋኝ የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል።

«ቺትሊን ሰርኪት» የሚባለው ምንድን ነው?

ቺትሊን የአሳማ አንጀት ነው፤ በአሜሪካ ደቡብ የጥቁሮች ማዕድ የታወቀ ምግብ። ሰርኪት ዙር። የዘር መለያየት በሕግ በነበረበት ዘመን ጥቁር ድምፃውያን ለጥቁር ታዳሚ የሚሠሩባቸው ቲያትር ቤቶችና ክበቦች መስመር ማለት ነው። አናቱ ላይ የኒው ዮርኩ አፖሎ፣ የዋሽንግተኑ ሃዋርድ፣ የባልቲሞሩ ሮያል፣ የፊላደልፊያው አፕታውንና የቺካጎው ሪጋል ነበሩ። ከእነሱ በታች ደግሞ በየገጠር ከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው መሸታ ቤቶች።

ትልልቆቹ ቤቶች ውስጥ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ መድረክ መውጣት የተለመደ ነው። የአፖሎ ታዳሚ ደካማ ዘፋኝን አይታገሥም፤ ያሸነፈ ግን አሸነፈ። ጄምስ ብራውን በኦክቶበር 1962 እዚያ ያቀረበው ትርኢት በሸክላ እንዲቀረጽ ቢለምን የአሳታሚው ባለቤት «የታወቀ ዘፈን በድጋሚ ማን ይገዛል?» ብሎ እንቢ አለው። ብራውን ወጪውን ከኪሱ ከፈለ። ሸክላው በ1963 ወጥቶ 66 ሳምንት በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ቆየ።

ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ብዙ አትራቁ። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትር ከ9ኛው ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ በ2012 ታድሶ ተከፈተ። ክትፎ በልታችሁ ወደ ቲ ጎዳና ብቅ ብትሉ ፊት ለፊቱ ትደርሳላችሁ።

መንገድ ላይ ኑሯቸው እንዴት ነበር?

የሚከብደው ድካሙ አልነበረም፤ ማደሪያና መብል ነው። ደቡብ ውስጥ አዳራሽ ሞልቶ ያጨበጨበለት ድምፃዊ ከትርኢቱ በኋላ እዚያው ከተማ ሆቴል አያገኝም። ለዚህ ነው የሐርለሙ ፖስተኛ ቪክተር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ የሚስተናገድባቸውን ቤቶች በየከተማው ዘርዝሮ የሚያሳትማት «ግሪን ቡክ» ከመኪና የማትለየው። በ1962 ሞታውን የተባለው የዲትሮይት አሳታሚ ድምፃውያን በርሚንግሃም ሠርተው ሲወጡ አውቶቡሳቸው ላይ ተተኮሰ። በ1963 ሳም ኩክ ሽሪቭፖርት፣ ሉዊዚያና፣ አስቀድሞ ክፍል የያዘበት ሆቴል ሲደርስ «ቦታ የለም» ተባለ፤ ተከራክሮ ከሄደ በኋላ «ሰላም አውከሃል» ተብሎ ታሰረ።

ሰለሞን በርክ ግን ከዚህ መከራ ንግድ ፈጠረ። ሰባኪም ዘፋኝም ነበር፣ አካሉ ግዙፍ፣ ጨዋታው ጣፋጭ። መንገድ ላይ ምግብ ቤት እንደማያስገባቸው ስለሚያውቅ ሳንድዊች አዘጋጅቶ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል። ሲነሱ ያልገዛው ሁሉ እኩል መንገድ ላይ ሲራብ ይመጣል፤ ዋጋው ግን ኪሎ ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል! አንዴ አፖሎ ሲሠራ አዳራሹ ውስጥ ዕቃ የመሸጥ መብት ውሉ ላይ አስገባ። ባለቤቶቹ ፎቶግራፍ መስሏቸው ፈረሙ፤ እሱ የመኪና ሙሉ ፈንዲሻ ይዞ መጣ።

የባንድ ተጫዋቾቹስ? ጄምስ ብራውን የተሳሳተ ኖታ የሰማ እንደሆነ ዳንሱን ሳያቋርጥ ወደ ጥፋተኛው ዞሮ ጣቶቹን ይዘረጋል። ታዳሚው የዳንሱ አካል ይመስለዋል። ተጫዋቹ ግን ስንት ዶላር እንደተቀጣ ቆጥሮ ያውቃል። ያልተወለወለ ጫማም ያስቀጣል። ጂሚ ሄንድሪክስ ሳይታወቅ በፊት በዚሁ መስመር ለአይስሊ ብራዘርስና ለሊትል ሪቻርድ ጊታር ይመታ ነበር።

ጋራዥ ባንድ የሆነ ነጭ ልጅ ቅዳሜ ማታ ከዳንስ አዳራሽ ወጥቶ እናቱ ያስቀመጠችለትን እራት ይበላል። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት የማልወደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ለምን አብረህ ታነሳቸዋለህ?

ሸክላው ስለሚያገናኛቸው። ኤድ ኮብ የተባለ የሎስ አንጀለስ ደራሲና ፕሮዲዩሰር ነበር። ግሎሪያ ጆንስ በ1965 ያወጣችው «ቴይንትድ ላቭ» የእሱ ድርሰት ነው፤ ሸክላው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳያዞረው ቀረ። በ1966 ስታንዴልስ የተባለው ጋራዥ ባንድ ታዋቂ የሆነበት «ደርቲ ዋተር»ም የእሱ ነው። የመጀመሪያው የሶል ዳንስ ቤት፣ ሁለተኛው የጋራዥ ሰብሳቢ ሁሉ መዝሙር ሆኑ። ሁለተኛው ስለ ቦስተን ይዘፍናል፣ ባንዱ ግን የሎስ አንጀለስ ነው፤ የቦስተን ቤዝቦል ቡድን ሜዳው ላይ ሲያሸንፍ እስከ ዛሬ ይጫወቱታል።

እንግሊዝ ውስጥም ይገናኛሉ። የአሜሪካ ሶል ድምፃውያን ባሕር ሲሻገሩ የራሳቸውን ባንድ ማምጣት ውድ ስለሆነ የአገሬው ልጆች ያጅቧቸዋል። ፓቲ ላቤልንና ሜጀር ላንስን ካጀቡት አንዱ ብሉሶሎጂ የተባለ ባንድ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ሬጂናልድ ድዋይት በኋላ ኤልተን ጆን ተባለ።

«ሉዊ ሉዊ»ን ኤፍ ቢ አይ መረመረው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም ከሁለት ዓመት በላይ። ዘፈኑን የጻፈው ሪቻርድ ቤሪ የተባለ የሎስ አንጀለስ ጥቁር ድምፃዊ ነው። አንድ መርከበኛ መጠጥ ቤት ቆሞ «ወደ ልጅቷ ልመለስ ነው» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። የታኮማ ልጆች ወደዱት፣ ከታኮማ ወደ ፖርትላንድ ተሻገረ፣ በኤፕሪል 1963 ኪንግስሜን የተባሉ የፖርትላንድ ልጆች በ50 ዶላር ገደማ ቀዱት። ማይክሮፎኑ ወደ ጣሪያው ተሰቅሎ ስለነበር ድምፃዊው ጃክ ኢሊ አንገቱን አቅንቶ መጮህ ነበረበት፤ ጥርሱ ላይ ደግሞ ማስተካከያ ሽቦ አለ። ቃሉ ተምታታ።

ቃሉ ካልተሰማ ጎረምሳ የራሱን ያስገባል። የብልግና ግጥም በወረቀት እየተገለበጠ በየትምህርት ቤቱ ዞረ፣ ወላጆች ለዋሽንግተን ጻፉ፣ የኢንዲያና አገረ ገዢ ዘፈኑ በሬዲዮ እንዳይሰማ አደረገ። መርማሪዎች ሸክላውን በዝግታም በፍጥነትም እያዞሩ ሰምተው የደረሱበት መደምደሚያ «ምን እንደሚል አይታወቅም» የሚል ነው።

ስሕተቱን ራሳችሁ ስሙት። ከጊታር ሶሎው በኋላ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል፣ ኢሊ ቀድሞ ይገባል። አንድ ቃል ተናግሮ ዝም ይላል፣ ድራመሩ ክፍተቱን በዱላው ይሸፍናል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ገንዘብ ስላልነበራቸው አልደገሙትም። በኋላ ይህን ዘፈን የተጫወቱ ባንዶች ስሕተቱን ጭምር አጥንተው ይጫወቱታል።

ቀረጻው ለምን እንዲህ ይሻክራል?

ግማሹ ድህነት፣ ግማሹ ምርጫ ነው። የታኮማዎቹ ሶኒክስ ድራሙን በሙሉ በአንድ ማይክሮፎን ቀድተዋል፤ የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ሲጣበቅ ቴክኒሻኑ ይጨነቃል፣ እነሱ ይደሰታሉ። የለንደኑ ዴቭ ዴቪስ በ1964 የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀዶ ጊታሩን አናግሯል። በ1962 በፔዳል መልክ የወጣው ማይስትሮ ፋዝ ቶን ይህንኑ የተቀደደ ድምፅ እግር ሥር አመጣው።

የሶሉ ሻካራነት ከሌላ ቦታ ይመጣል። ሜምፊስ የነበረው ስታክስ የተባለው የሶል አሳታሚ ስቱዲዮ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ወንበሮቹ ሲነሱ ተዳፋቱ ወለል እንዳለ ቀረ። ድምፃዊው፣ ነፋሾቹ፣ ድራመሩ ሁሉ እዚያ ተዳፋት ላይ ቆመው እኩል ይቀዳሉ። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው።

ሴቶች አልነበሩበትም?

ሶል ውስጥ ያለ እነሱ ምንም የለም። ጋራዥ ባንድ ውስጥ ጥቂት ነበሩ፤ የዲትሮይቶቹ ፕለዠር ሲከርስ በ1965 ያወጡት ሸክላ ከወንዶቹ የማያንስ ቁጡ ነው። በኋላ በእንግሊዝ የታወቀችው ሱዚ ኳትሮ የወጣችው ከዚያ ነው።

ከሶሉ ደግሞ የሎሬይን ኤሊሰንን «ስቴይ ዊዝ ሚ» ሳትሰሙ አትለፉ። በ1966 ፍራንክ ሲናትራ የቀጠረው ቀረጻ ሲሰረዝ ትልቁ ኦርኬስትራ ተከፍሎት ባዶ እጁን ተቀመጠ፤ አጋጣሚው ለእሷ ተሰጠ። መጨረሻ ላይ የምታወጣው ድምፅ ዘፈን ነው ወይስ ለቅሶ፣ እኔ አልለየሁትም።

የስታክሱ ድምፃዊ ኦቲስ ሬዲንግ እንዴት ሞተ?

በገዛ አውሮፕላኑ። ከአውቶቡስ ለመገላገል ትንሽ ቢችክራፍት ገዝቶ ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 1967 ከክሊቭላንድ ወደ ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ሲበር ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሞኖና ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። 26 ዓመቱ ነበር። አብረውት የሞቱት አጃቢዎቹ ባርኬይስ ገና ጎረምሶች ናቸው። ጥሩምባ ነፊው ቤን ኮሊ የወንበር ትራስ አቅፎ በበረዷማው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ተረፈ፤ ቤዝ ጊታሪስቱ ጄምስ አሌክሳንደር ቦታ ጠቦ በሌላ አውሮፕላን ስለተሳፈረ ዳነ።

ማዲሰን ውስጥ ትርኢቱን እንዲከፍት የተቀጠረው የአካባቢው ባንድ ስሙ «ግሪም ሪፐርስ» ነበር፤ መልአከ ሞት ማለት ነው። ከአባላቱ አንዱ ሪክ ኒልሰን በኋላ ቺፕ ትሪክ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ኦቲስ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት የቀዳው «ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ» በጃንዋሪ 1968 ወጥቶ አንደኛ ሆነ። መጨረሻ ላይ ያለውን ፉጨት ሁሉም ያውቀዋል።

ጋራዥ ባንዶቹ ለምን ጠፉ? እንዴትስ እንደገና ተገኙ?

ወደ ቬትናም የሚወስደው የውትድርና ጥሪ ድራመሩን ይወስዳል፣ ኮሌጅ ጊታሪስቱን። በ1967 ገደማ ደግሞ ጣዕሙ ወደ ረጅም አልበምና ወደ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ዞረ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚጮህ ነጠላ ሸክላ የልጅ ነገር ተባለ። ያልተሸጡት ካርቶኖች ምድር ቤት ወረዱ።

ያወጣቸው የሙዚቃ ጸሐፊው ሌኒ ኬይ ነው። በ1972 ኤሌክትራ ያሳተመው፣ እሱ የመረጣቸው 27 ዘፈኖች ያሉበት ጥንድ ሸክላ «ነጌትስ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ሌሎች የበለጠ የተረሱትን ቆፍረው ተከታታይ ስብስቦች አወጡ። መጀመር የሚፈልግ ከ«ነጌትስ» ይጀምር፤ ሌላ ምክር የለኝም።

የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ለምን እንዲህ አበዱለት?

«ኖርዘርን ሶል» ስሙን ያገኘው ከሙዚቃው አይደለም፤ ከጨፋሪዎቹ ነው። የማንቸስተርና የዊጋን የፋብሪካ ልጆች የሚወዱት ፈጣን፣ ዲትሮይትን የሚመስል፣ ነገር ግን ሳይሸጥ የወደቀ የ1960ዎቹ ሸክላ ነው። ዊጋን ካዚኖ ከ1973 እስከ 1981 ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይጨፈርበት ነበር። አልኮል አይሸጥም። ወለሉ እንዲያንሸራትት የሕፃን ፓውደር ይነሰነሳል። ያ ከማንም ጆሮ የቀረው የግሎሪያ ጆንስ ዘፈን ተነሥቶ የቆመው እዚህ ነው፤ በ1981 ሶፍት ሴል የተባሉ እንግሊዞች ደግመው ሠርተውት አንደኛ ወጣ።

ዲጄዎቹ ሸክላ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ይሄዳሉ። ብርቅ ያገኘ ሰው ተፎካካሪው እንዳያነብበት የሸክላውን ስም በነጭ ወረቀት ይሸፍንና የፈጠራ ስም ይሰጠዋል። ጨፋሪው ለዓመታት በሐሰተኛ ስም የሚጠራውን ዘፋኝ ሲወድ ይኖራል፤ እውነተኛው ዘፋኝ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ሥራ እየሠራ ምንም አያውቅም። የፍራንክ ዊልሰን የ1965 «ዱ አይ ላቭ ዩ» ሳይወጣ የተሰረዘ ሸክላ ነው፤ እጅግ ጥቂት ቅጂ ተርፏል። አንዱ በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ፣ በ2020 ደግሞ 100 ሺህ ፓውንድ ተሽጧል።

ከእኛ ሙዚቃ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፣ ያውም ቀጥተኛ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ስቴሽን የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ የሰላም ጓዶችም ከ1962 ጀምሮ ሸክላ በሻንጣቸው ይዘው መጥተዋል። የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» የተባለው ለጩኸቱና ለእግሩ ነው። በአዲስ አበባ ከነበሩት የግል ባንዶች አንዱ ስሙ ራሱ ሶል ኤኮስ ነው፤ ምን እንደሚሰሙ መጠየቅ አያስፈልግም።

አምሃ እሸቴ በ1969፣ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ ነበር። ውጭ አገር እያሳተመ እስከ 1975 ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። የፖርትላንድ ልጆች አዋጥተው 300 ሸክላ ሲያሳትሙና እሱ ይህን ሲያደርግ ያለው ድፍረት አንድ ዓይነት ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የእሱ ሊያሳስረው ይችል ነበር።

ገንዘቡን ማን በላው?

እንደየሸክላው ይለያያል፣ ዘፋኙ እምብዛም አይደለም። ሪቻርድ ቤሪ «ሉዊ ሉዊ»ን ከሌሎች ዘፈኖቹ ጋር በ750 ዶላር ሸጦት ነበር፤ መብቱን መልሶ ያገኘው በ1980ዎቹ ነው። ስታክስ ደግሞ አከፋፋዩ አትላንቲክ በ1967 ለዋርነር ሲሸጥ የድሮ ውሉን አውጥቶ ቢያነብ እስከዚያ ያወጣቸው የዋና ቅጂዎች ባለቤት አትላንቲክ ሆኖ ተገኘ። የኦቲስ ሬዲንግ ጭምር።

አርተር አሌክሳንደር ዘፈኖቹን ቢትልስም ሮሊንግ ስቶንስም ዘፍነውለታል። እሱ ግን ሙዚቃውን ትቶ ክሊቭላንድ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪዎቹ ማን እንደሆነ አያውቁም። በ1993 አዲስ አልበም አውጥቶ፣ ሰው እንደገና ሊያጨበጭብለት ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት ጁን ወር አረፈ።

አባል ያልሆኑ ሰዎች በታዋቂ ባንድ ስም ይዞሩ ነበር ይባላል፤ እንዴት ይቻላል?

ቴሌቪዥን ላይ ያልታየ ፊት ማን ያውቀዋል? የእንግሊዞቹ ዞምቢስ ከተበተኑ በኋላ ዘፈናቸው በ1969 አሜሪካን ያዘ። ባንድ ስለሌለ አንድ አዘጋጅ ሁለት የውሸት ዞምቢስ ፈጥሮ ላከ። የቴክሳሱ ቡድን ውስጥ የነበሩት ደስቲ ሂልና ፍራንክ ቢርድ በኋላ የዚዚ ቶፕ አባላት ሆኑ።

ሶል ውስጥ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም ስሙ ብዙ ጊዜ የድምፃውያኑ አይደለም። ድሪፍተርስ የተባለው የድምፃውያን ቡድን ሥራ አስኪያጅ ጆርጅ ትሬድዌል በ1958 ቡድኑን በሙሉ አባርሮ ሌላ ቡድን በዚያው ስም አቆመ፤ ቤን ኢ ኪንግ የመጣው ያኔ ነው። ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው? ከዚያ የተባረረውም የቀረውም ድሪፍተርስ ነኝ እያለ ዓለምን ዞረ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሸክላው ላይ ከተሳተፉት ቢያንስ አንድ ሰው ከሌለ በስሙ መነገድን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል።

ኦሪጂናሉን ሸክላ ከቅጂው እንዴት እለያለሁ?

መብራት ሥር ያዙትና ዘመም አድርጉት። ዘፈኑ ካለቀበት ጭረት እስከ መሐሉ ወረቀት ድረስ ባዶ ቀለበት አለ፤ እዚያ ላይ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር ታያላችሁ። ያ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ከጎኑ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ቁጥር ካለ ሎስ አንጀለስ ሞናርክ ማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ ቁጥሩም የታተመበትን ጊዜ ለመገመት ይረዳል። ቅጂ አታሚዎች ይህን ቀለበት ብዙ ጊዜ ይረሱታል፣ ወይም እጃቸው ሌላ ነው።

ቀጥሎ በጥፍራችሁ ጫፉን ነካ አድርጉት። ቪኒል የደነዘ ድምፅ አለው፣ ትንሽም ይታጠፋል። ብዙ የአሜሪካ ባለ 45 ዙር ሸክላ ግን ስታይሪን ነው፤ ቀለል ይላል፣ እንደ ፕላስቲክ ሳህን ይጮሃል፣ ብታጥፉት ይሰበራል፣ ወረቀቱም በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ስታይሪን መሆን የነበረበት ሸክላ ቪኒል ሆኖ ከመጣ ጠርጥሩ። ስታይሪንን ባረጀ መርፌ አታጫውቱ፣ በጥቂት ዙር ያሻክረዋል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከከሰርኩ በኋላ ነው። አንድ ሻጭ ፎቶ ልኮልኝ፣ ወረቀቱ አምሮኝ፣ 180 ዶላር ከፈልኩ። ሲደርስ ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ለ1970ዎቹ የእንግሊዝ ጨፋሪዎች የታተመ ቅጂ መሆኑን ተናገረ፤ ሻጩን ብጠይቀው «እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለኝ። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የወረቀቱን ሳይሆን የቀለበቱን ፎቶ ጠይቁ፣ በሁለቱም ገጽ።